ስም የሌለው ደብዳቤ

ሰው ሰውን የሚበድለው በዱላና በጦር ብቻ አይደለም። በወረቀትም ይበድላል። ዛሬ የምናነበው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው አጭር ነበር። የጻፈው ሰው ስሙን አላኖረበትም። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ምክንያት አንድ ወጣት ዐሥራ አራት ዓመት ታሰረ፤ ከታሰረበት ከወጣ በኋላም የብዙ ሰው ቤት ፈረሰ።

ታሪኩ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው ከራሱ ልብ ያወጣው ታሪክ ማለት ነው። «እንግዲያ ውሸት ነዋ!» ብላችሁ እንዳትተዉት። ማታ እሳት ዳር የጅብንና የአህያን ተረት ስትነግሩ ጅብ ሲናገር ሰምታችሁ አይደለም። ተረቱ ግን ስለ ሰው ጠባይ ይናገራል። ልብ ወለድም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ ረዘም ማለቱና በመጽሐፍ መጻፉ ነው።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ይባላሉ። የታተመው ሮም ከተማ ነው። ስሙም ራሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» ተባለ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዋህድ የሚባል ልጅ አለ። አንድ የማያውቁት ነጋዴ ለቤተሰቡ ትልቅ ደግነት ይሠራል። ዋህድም ያን ነጋዴ ፈልጎ ውለታውን ሊመልስ አገር ለአገር ይንከራተታል፤ በመንገድም ብዙ መከራ ያገኘዋል። ውለታ ለመመለስ የወጣ ልጅ ነው። ዛሬ የምናነበው ሰው ደግሞ ደም ለመመለስ የወጣ ነው። መመለስ የሚለው ቃል ሁለቱንም ይይዛል፤ ልብ በሉልን።

የዛሬውን ታሪክ የጻፈው አሌክሳንደር ዱማ የሚባል የፈረንሳይ አገር ሰው ነው። የተወለደው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1802 ነው። የአባቱ እናት በባርነት የነበረች ጥቁር ሴት ነበረች። አባቱ ጄኔራል እስከ መሆን ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ኢጣልያ ውስጥ ታስሮ ጤናውን አጥቶ ወጣ፤ ልጁ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ስለ እስር ቤት እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ከየት አመጣው ብላችሁ እንዳትደነቁ። መጽሐፉ «የሞንቴ ክሪስቶ ኮንት» ይባላል። ኮንት የመኳንንት ማዕረግ ነው። ከ1844 እስከ 1846 ድረስ በጋዜጣ ላይ በየጊዜው ቁራጭ ቁራጩ እየወጣ ነበር የሚነበበው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ማርሴይ በምትባል የባሕር ወደብ ኤድሞን ዳንቴስ የሚባል ወጣት ነበረ። ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። መርከበኛ ነው። ድኻ ሽማግሌ አባት አለው። መርሴዴስ የምትባል እጮኛም አለችው። የመርከቡ አለቃ መንገድ ላይ ስለ ሞተ፣ የመርከቡ ባለቤት ሹመቱን ለዳንቴስ ሊሰጠው አስቧል። ሹመትና ሠርግ በአንድ ሳምንት መጡለት ማለት ነው።

ይህን ያዩ ሁለት ሰዎች ሆዳቸው ተቃጠለ። አንደኛው ዳንግላር ነው፤ በዚያው መርከብ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሹመቱን ይመኛል። ሁለተኛው ፈርናን ነው፤ ልጅቷን ይወዳታል። ሁለቱ ከአንድ ጎረቤት ጋር መጠጥ ቤት ተቀመጡ። ጎረቤቱ ካድሩስ ይባላል፤ ያን ዕለት ሰክሯል።

ዳንግላር ወረቀትና ቀለም አስመጣ። የእጁ ጽሕፈት እንዳይታወቅ በግራ እጁ ጻፈ። ዳንቴስ ከሥልጣን ተባርሮ በደሴት ላይ ለሚኖረው ለንጉሥ ናፖሊዮን ወገኖች መልእክት ተሸክሟል የሚል ነው። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። የሞተው አለቃ አደራ ብሎት ዳንቴስ አንድ ደብዳቤ ይዞ ነበር፤ በውስጡ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። ግማሽ እውነት ያለው ውሸት ከሙሉ ውሸት ይከፋል።

ከዚያ ዳንግላር ምን አደረገ? «ቀልዴን ነው» ብሎ ወረቀቱን ጨመደደና ጥግ ላይ ወረወረው። ዞር ሲል ፈርናን አነሣው። ለዐቃቤ ሕግ የላከው እሱ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የጻፈው «እኔ አልላክሁም» ሊል ነው። የላከው «እኔ አልጻፍሁም» ሊል ነው። ሰካራሙ ጎረቤት ደግሞ ሁሉን አይቷል፤ በማግሥቱ ሲነቃ ሊናገር ፈልጎ ፈራና ዝም አለ። እኛ ይህን ክፍል በክፍላችን ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ሰዉ የተናደደው በዝምተኛው ጎረቤት ነበር። አንዲት እናት «የኛ ሰፈር ሰው ነው!» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

ዳንቴስ የተያዘው በገዛ ድግሱ ላይ ነው። ወደ ዐቃቤ ሕግ አቀረቡት። ዐቃቤ ሕጉ ቪልፎር ይባላል። ልጁ ንጹሕ መሆኑን አይቶ ሊለቀው ነበር። ነገር ግን የተያዘው ደብዳቤ ለማን እንደ ተላከ ሲያነብ ደነገጠ፤ ለገዛ አባቱ ነው! ይህ ቢታወቅ ሹመቱ ያልቃል። ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ጨመረው። ልጁን ደግሞ ያለ ፍርድ በባሕር መካከል ወዳለ እስር ቤት ላከው።

የሐሮ ወንጪ ሰዎች ይህን እስር ቤት ለማሰብ አይቸገሩም። ከሐይቃችን መካከል ያለውን የቂርቆስን ደሴት ታውቁታላችሁ። በጀልባ ካልሆነ አይደረስበትም። ያ ደሴት ዛፍ የሌለበት፣ ድንጋይ ብቻ፣ በላዩ ግንብ የተሠራበት ቢሆን ኖሮ እንደ ማለት ነው። የኛው የጸሎት ቦታ ነው፤ ያኛው ግን ሰው ተረስቶ የሚሞትበት ነው። ዳንቴስ እዚያ ዐሥራ አራት ዓመት ኖረ። እሱ በታሰረ ቀን የተወለደ ሕፃን አድጎ ከብት ጠብቆ ሞፈር ሊይዝ ይደርሳል ማለት ነው። አባቱ በዚያ መካከል በረኃብ ሞተ። መርሴዴስም ሞቷል ብላ ፈርናንን አገባች።

እስር ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። በጎን ያለው እስረኛ፣ አባ ፋሪያ የሚባል ቄስ፣ ለማምለጥ መሬት ሲቆፍር ስቶ ወደ ዳንቴስ ክፍል ወጣ። ቄሱ በጣም የተማረ ነው። ዳንቴስን ቋንቋ፣ ሒሳብና ታሪክ አስተማረው። እንግዲህ ዳንቴስም እንደ እናንተ ጎልማሳ ሆኖ ነው የተማረው! ፊደል ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር።

አንድ ቀን ቄሱ «የአንተ መጥፋት የሚጠቅመው ማንን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። አንድ በአንድ አስቆጠረው። የክሱ ደብዳቤ በግራ እጅ የተጻፈ መሆኑንም በጽሕፈቱ አስረዳው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዳንቴስ የከዱትን ሰዎች ሁሉ ዐወቀ። ቄሱ ግን ፊቱን አይቶ ተጸጸተ። ባላሳወቅሁህ ይሻል ነበር፣ በልብህ ያልነበረ በቀል አስገባሁብህ፣ የሚል ነገር ተናገረ። እኛ አስተማሪዎች ነንና ይህ ቦታ ያስጨንቀናል። ያስተማርነው ሰው በትምህርቱ ምን እንደሚሠራበት አስቀድመን አናውቅም።

ዳንቴስ ከእስር ቤት እንዴት እንደ ወጣ ባጭሩ እንንገራችሁ። ቄሱ ሞተ። ሬሳው በጆንያ ተሰፍቶ ሊጣል ሲል ዳንቴስ ሬሳውን አውጥቶ ራሱ ጆንያው ውስጥ ገባ። እግሩ ላይ ከባድ ብረት አስረው ወደ ባሕር ወረወሩት። በቢላዋ ቀዶ ወጣ። ቄሱ በነገረው ደሴት ላይም የተቀበረ ሀብት አገኘ። ይህ ክፍል ደስ ይላል፤ ልጆች በተለይ ይወዱታል። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚበልጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

በመጀመሪያ ውለታ መለሰ። የድሮው የመርከብ ባለቤት ከስሮ ራሱን ሊገድል ሲል ዳንቴስ ማንነቱን ሳይገልጽ ዕዳውን ከፈለለት። ይህን ሲያደርግ እንደ ዋህድ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ጠላቶቹ አዞረ።

ጠላቶቹ ሁሉ በዚያ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ዳንቴስም ስሙን ለውጦ ባለጠጋ ኮንት ሆኖ ወደ ዋናው ከተማ ወደ ፓሪስ መጣ። ጦር አልመዘዘም። የያንዳንዳቸውን ድብቅ ኃጢአት ፈልጎ አገኘና አወጣባቸው። ፈርናን ያጎረሰውን ሌላ ጌታ ከድቶ እንደ ነበር በሸንጎ ፊት ተገለጠ፤ ሚስቱና ልጁ ትተውት ሄዱ፤ ራሱን ገደለ። እስከዚህ ድረስ አንባቢው «እሰይ» ይላል። እኛም ብለናል፤ ለምን እንዋሻለን?

የቪልፎር ቤት ግን ሌላ ሆነ። ሚስቱ ለልጇ ርስት ለማስገኘት ሰው በመርዝ ትገድል ነበር። መርዝን የምታውቀው ቀድሞ ነው፤ ኮንቱ ግን ስለ መርዝ አጫውቶ አስተማራት። የት እንደሚያደርሳት እያወቀ ዝም አለ። ነገሩ ሲወጣባት ራሷንም ልጇንም በመርዝ ገደለች። ልጁ ትንሽ ልጅ ነው። ዳንቴስን አላሰረም፣ ደብዳቤ አልጻፈም፣ ዳንቴስ ሲታሰር ገና አልተወለደም። ቪልፎር አእምሮውን አጥቶ ዶማ ይዞ ልጁን ፍለጋ ጓሮውን ይቆፍር ጀመር።

ኮንቱ የልጁን ሬሳ ታቅፎ ሊያድነው ሞከረ። አልተነሣም። እግዚአብሔር የላከኝ ነኝ እያለ የኖረው ሰው ያን ጊዜ ልቡ ከዳው። በመጨረሻ የቀረው ዳንግላር ነበር፤ ያ የሁሉ መነሻ የሆነው። ሽፍቶች ያዙት፤ ለአንዲት ዶሮ መቶ ሺህ ፍራንክ እያስከፈሉ ሀብቱን አራቆቱት። ፀጉሩ ነጣ። ሊሞት ሲል ግን ኮንቱ ራሱን ገልጦ ይቅር አለው። በጣም የበደለው ይቅር ተባለ፤ ምንም ያልበደለው ሕፃን ሞተ። የበቀል ሚዛን እንዲህ ነው የሚመዝነው።

ዱማ የዚህን ታሪክ መነሻ ያገኘው አንድ የፖሊስ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። እዚያ ላይ የተከዳው ሰው መርከበኛ ሳይሆን ጫማ ሠሪ ነው። እሱም ከዳተኞቹን አንድ በአንድ ገደለ። መጨረሻው ግን ይቅርታ አይደለም፤ ራሱም ተገደለ።

ይህን ታሪክ በሦስት ማታ አንብበን ስንጨርስ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። «ልጆቼ፣» አሉ፣ «በዚያ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ?»

መልስ አጣን። እውነትም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ዳኛ አለ፣ ወታደር አለ፣ ሽፍታ አለ፣ ሽማግሌ ግን የለም።  አዛውንቱም ጉማን አስረዱን። እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ይህን መጽሐፍ በሌላ አገር ለሚያነቡ ግን ጥቂት እንጻፍ።

ጉማ በመጫ ኦሮሞና በሌሎችም ኦሮሞዎች ዘንድ ደም የሚታረቅበት ሥርዓት ነው። አማርኛም ቃሉን ያውቀዋል፤ ለደም የሚከፈለውን ካሣ ጉማ ይለዋል። ሰው ሲገደል የገዳዩና የሟች ወገኖች አብረው አይበሉም፣ አብረው አይጠጡም። ገዳዩና ዘመዶቹ ከአካባቢው ይርቃሉ፤ ሽማግሌ ይልካሉ። የሟች ወገን መጀመሪያ እምቢ ይላል። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይመጣሉ። ደግሞ እምቢ ይባላሉ። ይህ መመላለስ ከንቱ ድካም የሚመስለው ሰው ይኖራል። አዛውንቱ ግን «የመጀመሪያውን ቀን እሺ ያለ ሰው ልቡ ውስጥ ቢላዋ ደብቋል ማለት ነው» አሉን። ቁጣው በሽማግሌዎቹ ላይ ይውጣ፤ እነሱ ለዚያ ነው የተቀመጡት። በመጨረሻ ካሣው ይቆረጣል፤ በግ ይታረዳል፤ ሁለቱ ወገኖች ከደሙ ይታጠባሉ፤ ዳግመኛ ላይፈላለጉ ይማማላሉ። አብረው ይበላሉ። ካሣው ከአንድ ድኻ አቅም በላይ ሲሆን ዘመድ ያዋጣል፤ ገዳዩም በየገበያው ሰንሰለት ይዞ ይለምናል።

በአማራ አገርም «ደም አድርቅ» የሚባሉ ሽማግሌዎች አሉ። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ቀደም ባለው ዘመን በፍርድ ሞት የተፈረደበትን ገዳይ ለሟች ወገን አሳልፎ መስጠት ነበረ፤ ወገኖቹም ወይ ደሙን ይመልሳሉ ወይ ካሣ ተቀብለው ይምሩታል። ዛሬ ግን የመቅጣት ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት አስቦና ተዘጋጅቶ የገደለ ሰው ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ይፈረድበታል። «ወንድሜን ስለ ገደለብኝ ነው» ማለት ነጻ አያወጣም። ጉማም ፍርድ ቤቱን አያስቀርም፤ ፍርድ ቤቱ ገዳዩን ያስራል፣ ጉማው ደግሞ እስረኛው ተፈትቶ ሲመለስ በአንድ ምንጭ ውኃ እንዲቀዱ ያደርጋል።

ስለ ጉማ ፊልምም ተሠርቷል። ስሙ «ጉማ» ነው፤ ሚሼል ፓፓታኪስ ነው ያዘጋጀው፤ ከቆዩት የኢትዮጵያ ፊልሞች አንዱ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ለፊልም ሠሪዎች የሚሰጥ ሽልማት በዚሁ ስም ተጠርቷል።

ሁሉም አልተስማማም። አንዲት ባለቤታቸው የሞተባቸው እናት ተነሥተው «ጉማውን የሚበላው ማነው?» አሉ። «ሽማግሌው ወንድ ነው፣ ከብቱን የሚረከበው የባል ወንድም ነው፣ ሌሊት ብቻዋን የምታለቅሰው ግን ሚስቲቱ ናት።» አዛውንቱ አቀረቀሩ። እኛም የምንጨምረው አልነበረንም፤ ሴትዮዋ ያሉት ልክ ነው። ዱማም መርሴዴስን ምን አደረጋት? ባሏ ሞተ፣ ልጇ ወደ ጦር ሄደ፤ ዳንቴስ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ በድሮው የአባቱ ቤት ብቻዋን ትቷት ሄደ። ምን ጥፋት ነበራት? መጠበቅ ስላልቻለች ነው?

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደ ጻፍን እንናገር።

ፊደል ከጨረሱት ተማሪዎቻችን አንዱ ማታ ብቻውን ወደ እኛ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ ገብስና እንሰት ያለው፣ አንድ ፈረስ ያለው ሰው ነው። ወንድሙ ከዓመታት በፊት በጠብ ተመትቶ ሞቶበታል። መቺው ተፈርዶበት ታስሮ፣ ጊዜውን ጨርሶ ወደ መንደሩ ተመልሷል። ተማሪያችን «የእኔ ጽሕፈት ገና ጠማማ ነው፤ አንድ ማመልከቻ ጻፉልኝ» አለን።

«ስለ ምን?»

«ያ ሰው ጠመንጃ ደብቋል ብላችሁ ጻፉ።»

«ጠመንጃውን አይተሃል?»

«አላየሁም። ሳይኖረው አይቀርም።»

«ማን ብለን እንፈርም?»

ዝም አለ። ከዚያ «ስም አታድርጉበት» አለ።

የዳንቴስን ታሪክ ያነበብነው እኮ እሱም ባለበት ነው! በዳንግላር ላይ ከሁሉ በላይ የተቆጣው እሱ ነበር። አልጻፍንለትም። ተቆጣ። «እናንተ የከተማ ልጆች ናችሁ፣ ወንድማችሁን አልቀበራችሁም» አለን። እውነቱን ነው፤ አልቀበርንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ሌሊት እኛም እንቅልፍ አልወሰደንም። ሰው ያስተማርነው ይህን እንዲጽፍ ነውን? እያልን ተነጋገርን። እኛ እምቢ ብንለው ነገ ራሱ ሊጽፈው ይችላል፤ ፊደሉን ሰጥተነዋል።

ከአንድ ሳምንት በላይ ከትምህርት ቀረ። አዛውንቱን አማከርናቸው። «እናንተ ተቀመጡ፣ ይህ የእኛ ሥራ ነው» አሉን። ሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ጨምረው ወደ ቤቱ ሄዱ። አልተቀበላቸውም። ዝናብ እየመታቸው ተመለሱ። በሳምንቱ ደግሞ ሄዱ፤ በዚያኛው ጊዜ ደጁን ከፍቶ አስገባቸው፤ ውኃ ግን አላቀረበም።

ባለፈው ሰኞ ተማሪያችን ወደ ክፍል ተመልሶ ኋላ ጥግ ተቀመጠ። ማንንም አላነጋገረም። ደብተሩን አውጥቶ የወንድሙን ስም ጻፈ። ከዚያ በታች የራሱን ጻፈ። ጽሕፈቱ ከቀድሞው ቀንቷል።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ የሚሄዱት ቅዳሜ ነው።